ሜዳው ከሌለ እንስሳው የለም፦ «ቢጠፉ ምን ይጎድልብናል?» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ አለ። ለእኔም ከሦስት ወዳጆቼ ደርሶኛል፤ ሁለቱ «እውነቱን ነው፣ እስቲ አንብበው» የሚል ማስታወሻ አክለውበታል። የጽሑፉ ጭብጥ የዱር እንስሳት ጠፉ፣ አለቁ እያሉ መጮኽ ይብቃ የሚል ነው። በጥሩ አማርኛ ተጽፏል፤ ጸሐፊው ብዙ የሚያነቡ ሰው መሆናቸውም ያስታውቃል። ዝም ብዬ እንዳላልፍ ያደረገኝም ይኸው ነው። በተዋበ ቋንቋ የቀረበ ስህተት ሩቅ ይጓዛልና።

ከመመለሴ በፊት የተባለውን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ጸሐፊው ስድስት ነገር ይላሉ። በምድር ላይ ከኖሩት ዝርያዎች ከመቶ 99ኙ ጠፍተዋል፤ ስለዚህ መጥፋት የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ ይህ የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው፣ እንስሳት ከለውጥ ጋር ይላመዳሉ፣ ያልቻለው ይቀራል የሚል ነው። ሦስተኛው፣ ችግር አለ ከተባለም ችግሩ ሕገወጥ አደን ነው፤ ጠመንጃው ዝም ካለ ስለ ደንና ስለ ሜዳ ማውራት ትርፍ ነገር ነው። አራተኛው፣ መካነ አራዊትና የዘረመል ሳይንስ ባሉበት ዘመን ፈጽሞ የሚጠፋ እንስሳ የለም። አምስተኛው፣ እስከ ዛሬ በጠፉት እንስሳት የሰው ልጅ የጎደለበት ነገር የለም። የመጨረሻው ደግሞ ጥበቃ የሚባለው ሥራ ከአውሬ ጎን የሚኖረውን ድኻ የሚጎዳ፣ ውጤትም ያላመጣ ሥራ ነው የሚል ነው።

ስድስቱን ደጋግሜ ሳነብ ከሥራቸው አንድ ሐሳብ አገኘሁ። ጸሐፊው እንስሳን የሚያዩት እንደ ዕቃ ነው፤ ካለበት አንሥተው ሌላ ቦታ ቢያስቀምጡት፣ ቆልፈው ቢያቆዩት፣ ሲፈልጉ ቢመልሱት ያው እንደሆነ አድርገው። ጠቤ ከዚህ ሐሳብ ጋር ነው። የዱር እንስሳ ከሚግጠው ሣር፣ ከሚጠጣበት ምንጭ፣ ከሚከተለው መንገድና ከእናቱ ከተማረው ብልሃት ጋር አንድ ላይ ነው እንስሳ የሚሆነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወደ መጀመሪያው ልግባ። «ከመቶ 99ኙ ጠፍተዋል» የሚለው ቁጥር የተለመደ ግምት ስለሆነ አልከራከርበትም። ዳይኖሰሮች ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት አልቀዋል። ከእነርሱም አስቀድሞ፣ ከ252 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ባሕሩንም የብሱንም ባዶ ሊያስቀር የቃጣ እልቂት ደርሷል። ጸሐፊው ግን ቁጥሩን አንሥተው ዘመኑን ትተውታል። እነዚያ ዝርያዎች የጠፉት በመቶ ሚሊዮኖች በሚቆጠሩ ዓመታት ውስጥ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም አንዱ ሲሄድ ሌላው እየተተካ። ታላላቆቹ እልቂቶች በደረሱ ጊዜ ደግሞ ምድር ያጣችውን ለመተካት ሚሊዮኖች ዓመታት ፈጅቶባታል። የዛሬውን ፍጥነት ከዚያ ጋር ለማነጻጸር በ2015 የወጣ አንድ ጥናት አለ። አጥኚዎቹ በተፈጥሮ የሚጠፋውን ሆን ብለው ከፍ አድርገው፣ ከ10,000 ዝርያዎች በ100 ዓመት ሁለት ይጠፋሉ ብለው ወሰዱ። በዚህም ስሌት እንኳ ባለፈው አንድ ምዕተ ዓመት የጠፉት የጀርባ አጥንት ያላቸው እንስሳት በተፈጥሮ ፍጥነት ቢሆን ኖሮ ለመጥፋት እንደየወገናቸው ከ800 እስከ 10,000 ዓመት በፈጀባቸው ነበር።

ቁጥር ብቻውን ላያሳምን ይችላልና አንዷን እንስሳ በቅርብ እንያት። በ1741 በሰሜን ፓስፊክ፣ ዛሬ የቤሪንግ ደሴት በሚባለው ቦታ፣ መርከባቸው የተሰበረባቸው ተጓዦች ክረምቱን አሳለፉ። ከመካከላቸው ጆርጅ ስቴለር የሚባል የተፈጥሮ ተመራማሪ ነበር። በደሴቲቱ ዳርቻ ስምንት ሜትር ያህል የምትረዝም፣ ጥርስ የሌላት፣ የባሕር አረም ብቻ የምትግጥ፣ ሰው ሲቀርባትም የማትሸሽ ግዙፍ እንስሳ አየ፤ በኋላ በስሙ «የስቴለር የባሕር ላም» ተብላለች። ስቴለር ከጻፋቸው ነገሮች አንዱ ከአእምሮዬ አይወጣም። ሴቲቱ በመንጠቆ ተይዛ ወደ ዳር ስትጎተት ወንዱ ይከተላታል፤ ከታረደች በኋላም ለሁለት ቀን ተከታትሎ ወደ ዳርቻው እየመጣ ይፈልጋታል። ወሬው ሲሰማ ለፀጉር የሚያድኑ መርከበኞች ወደዚያ ጎረፉ፤ ሥጋዋንም ስንቅ አደረጉት። በ1768 ከባሕር ላሞች አንዲትም አልቀረችም። ዓለም ካወቃት 27 ዓመት መሆኑ ነው። ይህን ከዳይኖሰሮች መጥፋት ጋር በአንድ መስመር ጽፎ «የተፈጥሮ ሕግ» ማለት እንዴት እንደሚቻል አልገባኝም።

ሁለተኛው፣ የመላመዱ ነገር፣ ከፊል እውነት አለበት። ሙምባይን በሚያህል ከተማ ዳር ነብሮች ይኖራሉ፤ ሌሊት እየወጡ የመንገድ ውሻ ያድናሉ። ቁራ፣ አይጥ፣ ዝንጀሮ፣ ጅብ፣ ቀበሮ ከሰው ጋር መኖርን አሳምረው ያውቁበታል። ጸሐፊው እነዚህን ቢጠቅሱ ኖሮ ተስማምቼ አልፍ ነበር። የጠቀሱት ግን የሞዛምቢክን ዝሆኖች ነው፤ «አዳኝ ለጥርሳቸው ሲል ቢገድላቸው ያለ ጥርስ መወለድ ጀመሩ፣ ተፈጥሮ መላ አያጣም» ብለው።

ምሳሌው የሚናገረው ተቃራኒውን ነው። በጎሮንጎሳ ብሔራዊ ፓርክ ከ1977 እስከ 1992 በቆየው የእርስ በርስ ጦርነት ከዝሆኖቹ ከመቶ ዘጠናው ያህል አለቁ። ጥርስ ያላቸው እየተመረጡ ሲገደሉ ጥርስ አልባ ሆነው የተፈጠሩት ጥቂት ሴቶች ተረፉ፤ ከጦርነቱ በኋላም ከሴቶቹ ግማሽ ያህሉ ጥርስ አልባ ሆነው ተገኙ። በ2021 የወጣው ጥናት ምክንያቱን ሲመረምር ግን ጥርስ አልባ የሚያደርገው ዘረመል ወንዱን ጽንስ በእናቱ ማሕፀን እንደሚገድል የሚያመለክት ማስረጃ አገኘ። ጥርስ አልባዋ እናት ከምትፀንሳቸው ወንዶች ግማሹን ታጣለች ማለት ነው። ደግሞም ዝሆን በጥርሱ የደረቀ ወንዝ ቆፍሮ ውኃ ያወጣል፣ የዛፍ ልጥ ይልጣል፤ ሌሎች እንስሳትም ከቆፈረው ጉድጓድ ይጠጣሉ። ይህ ከሞት ያመለጡ ጥቂቶች ለማምለጣቸው የከፈሉት ዋጋ ነው። በመላመድ ስም ባይሞገስ ጥሩ ነበር።

ሦስተኛው ነጥብ ብዙ ቅን ሰዎች የሚያምኑበት ስለሆነ ጥቂት እቆይበታለሁ። ሕገወጥ አደን ቀላል ነገር ነው የሚል ሰው የለም። የአፍሪካ ዝሆን በ1979 ወደ 1.3 ሚሊዮን ይገመት ነበር፤ በ2016 የወጣው ግምት 415,000 ገደማ ነው፤ የዝሆን ጥርስ ንግድ ለዚህ ትልቅ ድርሻ አለው። ጸሐፊው አዳኙን ማውገዛቸው ትክክል ነው። «ጠመንጃው ዝም ካለ» የሚሉት ላይ ነው የምንለያየው።

ቀይ ቀበሮን እንውሰድ። ለሥጋዋ የሚፈልጋት የለም፤ ቆዳዋ ገበያ የለውም። ሆኖም በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 በታች እንደሆኑ ይገመታል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም በባሌ ተራሮች ናቸው። የምትኖረው ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው የውርጭ ምድር ነው። ዋና ምግቧ ፍልፈልና አይጥ ነው፤ ጆሮዋን ጥላ፣ በሆዷ እየተሳበች ቀርባ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ትጠብቃለች። እርሻው ሽቅብ ሲወጣ የፍልፈሉ ምድር ይጠባል። የከብት መንጋው ሲበዛ ሣሩ ይነጣል። ከመንጋው ጋር የሚመጣው ውሻ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታን ይዞ ይመጣል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ከዚያም በ2003 እና በ2008 ገደማ በሽታው በባሌ ቀበሮዎች መካከል ገብቶ ቤተሰብ በቤተሰብ አረገፋቸው። አንድም ጥይት አልተተኮሰም። ጸሐፊው በሚሉት መንገድ ጠመንጃ ሁሉ ቢሰበሰብ ለቀይ ቀበሮ የሚለወጥላት ነገር የለም።

በ2019 መንግሥታት በጋራ ያቋቋሙት የብዝኃ ሕይወት ሳይንሳዊ መድረክ ባወጣው ሰፊ ግምገማ አንድ ሚሊዮን ያህል የእንስሳትና የዕፅዋት ዝርያዎች ለመጥፋት ተጋልጠዋል። መንሥኤዎቹን በየደረጃቸው ሲያስቀምጥ ቀዳሚ ያደረገው የመሬትና የባሕር አጠቃቀም ለውጥን፣ በተራ ቋንቋ የመኖሪያቸውን መነጠቅ ነው። አደንና ያለ ልክ ማጥመድ ሁለተኛ ነው፤ የአየር ንብረት ለውጥ፣ ብክለትና ከሌላ ቦታ የመጡ ወራሪ ዝርያዎች ይከተላሉ። በባሕር ብቻ ሲታይ ማጥመድ ይቀድማል፤ ይህንንም ለጸሐፊው ክርክር የሚያግዝ ስለሆነ ሳልደብቅ እጠቅሰዋለሁ።

መኖሪያ ሲነጠቅ እንስሳው ወዲያው አለመሞቱ ነው ነገሩን የሚያድበሰብሰው። በብራዚል ማናውስ አካባቢ ከ1979 ጀምሮ የተካሄደ ምርምር አለ። ደኑ ለከብት ግጦሽ ሲመነጠር የተለያየ ስፋት ያላቸው ቁራሽ ደኖች እንዲተዉ ተደረገ። በመጀመሪያ በቁራሾቹ ውስጥ የወፉ ቁጥር እንዲያውም ጨመረ፤ ቤታቸው የተመነጠረባቸው ወደዚያ ሸሽተው ነበርና። ያን ጊዜ የተመለከተ ሰው «ይኸው ተስማምቷቸዋል» ይል ነበር። ከዚያ መቀነስ ጀመሩ። አንድ መቶ ሄክታር ያላቸው ቁራሾች ከጫካው ሥር ከሚኖሩት የወፍ ዝርያዎች ግማሹን በ15 ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ አጡ። ሊቃውንቱ ይህን «የመጥፋት ዕዳ» ይሉታል፤ ደኑ በተቆረጠበት ቀን የሚገባው፣ የሚከፈለው ግን ከዓመታት በኋላ የሆነ። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

አሁን ወደ አራተኛው። ከጽሑፉ ሁሉ ብዙ ሰው የወደደው ይህ ክፍል ይመስለኛል፤ ተስፋ ይሰጣላ። እኔም ተስፋውን አልጠላሁትም። መካነ አራዊት ያተረፏቸው እንስሳት አሉ። የሳላ ዘመድ የሆነው የዓረብ ኦሪክስ በ1972 ከዱር ጠፍቶ በአጥር ውስጥ ከተራባው መንጋ በ1982 ወደ ኦማን በረሃ ተመልሷል። ፕርዜቫልስኪ የሚባለው የዱር ፈረስም በ1960ዎቹ ከዱር ጠፍቶ በ1992 ወደ ሞንጎሊያ ተመልሷል። እነዚህን ሥራዎች የሠሩትን ሰዎች አከብራለሁ።

ነገር ግን ጸሐፊው ታሪኩን እኩሌታው ላይ አቁመውታል። ኦማን ውስጥ የኦሪክሱ ቁጥር በ1996 ወደ 450 ደርሶ ነበር። ከዚያ አደኑ ተመለሰ። መንግሥትም ነዳጅ ለመፈለግ የጥብቁን ሥፍራ ዘጠና በመቶ ቀነሰው። በ2007 የቀሩት 65 ብቻ ነበሩ፤ በዚያው ዓመት ሥፍራው ከዓለም ቅርስ መዝገብ ተሰረዘ፤ በመዝገቡ ታሪክ የመጀመሪያው ስረዛ ይህ ነበር። በሌሎች የዓረብ አገሮች ግን ቦታ የተጠበቀላቸው ኦሪክሶች በረቱ። ዝርያው በአጥር ውስጥ ተራብቷል፤ ዕጣውን የቆረጠው ግን መሬቱ ነው።

የካሊፎርኒያ ኮንዶር የሚባለው ጥንብ የሚበላ ግዙፍ ወፍም እንዲሁ ነው። በ1987 በዓለም ላይ 27 ብቻ ቀርተው ሁሉም ተይዘው ተራቡ፤ ዛሬ ከ500 በላይ ናቸው። አስደናቂ ሥራ ነው። ሆኖም ዱር ከገቡት ኮንዶሮች ዋናው ገዳይ እስከ ዛሬ የእርሳስ መርዝ ነው። አዳኝ ተኩሶ የጣለውን እንስሳ ሆድ ዕቃ ሲበሉ የጥይቱን ስባሪ አብረው ይውጣሉ። እየተያዙ ደማቸው ይመረመራል፣ ይታከማሉ፣ ይለቀቃሉ፣ ተመልሰው ይመረዛሉ። የሚበሉት ነገር እስኪጸዳ ድረስ ይህ ሥራ ማብቂያ የለውም።

ብልሃትስ? በ1980ዎቹ በአጥር ውስጥ ያደጉ ወርቃማ ታማሪን የሚባሉ ትናንሽ ጦጣዎች ወደ ብራዚል ደን ተመለሱ። የመጀመሪያዎቹ በጣም ተቸገሩ። ያደጉት በማይነቃነቅ አጣና ላይ ነበርና ቅርንጫፍ ከእግራቸው ሥር ሲወዛወዝ ግራ ገባቸው፤ ከዛፍ ወደቁ፤ ምግብ ፊታቸው ተሰቅሎ ፈልጎ ማውጣት አልቻሉም። ደመ ነፍስ ሁሉን አይሠራም፤ ብዙው ከእናት የሚወረስ ትምህርት ነው። በሰሜን አሜሪካ ሁፒንግ ክሬን የሚባሉትን ነጫጭ ረጃጅም ወፎች ለመመለስ ከ2001 እስከ 2015 የተሠራው ሥራ ይህን በግልጽ ያሳያል። በእጅ የተፈለፈሉት ጫጩቶች ክረምቱን ወዴት ሄደው እንደሚያሳልፉ አያውቁም፤ የሚመራቸው ወላጅ የለማ። ስለዚህ ነጭ ለብሰው የወፍ መልክ የያዙ ሰዎች በትንንሽ አውሮፕላን እየቀደሙ ከዊስኮንሲን እስከ ፍሎሪዳ መንገድ አሳዩአቸው። ይህን ያህል ተደክሞ የተተካው አንዲት እናት ወፍ በአንድ መኸር የምታስተምረው ነገር ነው።

የዘረመሉ ሳይንስ ደግሞ አለ። የፒሬኔ ተራራ የዱር ፍየል፣ የዋሊያ ዘመድ ነው፤ የመጨረሻዋ በ2000 መጀመሪያ ዛፍ ወድቆባት ሞታ ተገኘች። ከሞቷ በፊት ከቆዳዋ የተወሰደው ህዋስ በበረዶ ተቀምጦ ስለነበር በ2003 ግልገል ተወለደላት። ከጠፉ ዝርያዎች በክሎን፣ ማለትም ከአንድ እንስሳ ህዋስ ተቀድታ፣ የተወለደች የመጀመሪያዋ ይህች ግልገል ናት። ጸሐፊው እዚህ ላይ ዐረፍተ ነገሩን ዘግተዋል። ግልገሏ ሳንባዋ ጤነኛ ስላልነበረ ትንፋሽ አጥሯት በደቂቃዎች ውስጥ ሞታለች። ብትድንስ? የሁሉም ምንጭ አንዲት ሴት ናት፤ ወንድ ከየት ይመጣል? የሰሜኑ ነጭ አውራሪስ ሁለት ሴቶች ብቻ ቀርተውታል፤ እናትና ልጅ፣ ኬንያ ውስጥ ቀንና ሌሊት በዘብ ይጠበቃሉ። የመጨረሻው ወንድ በመጋቢት 2018 ሞቷል። ሁለቱም ማርገዝ አይችሉም፤ ሳይንቲስቶች በቤተ ሙከራ የፈጠሯቸውን ጽንሶች በደቡቡ ዘመዱ ማሕፀን ለማሳደግ እየጣሩ ነው። ጥረቱ እንዲሳካ ከልቤ እመኛለሁ። ቢሳካ ግን ጥጃው የት ይሰማራ? አውራሪሱ የጠፋው ጦርነትና አደን በተፈራረቁበት ምድር ነው። ያ ምድር ሰላም ካላገኘ ቤተ ሙከራው የሚያመርተው የእስረኛ ዘር ነው።

አንድ ጊዜ በአንድ መካነ አራዊት ከነብር አጥር ፊት ረጅም ሰዓት ቆሜ ነበር። ነብሩ ከጥግ ወደ ጥግ ይመላለሳል። ስምንት እርምጃ፣ መዞር፣ ስምንት እርምጃ፣ መዞር። የሚዞርበት ቦታ ላይ መሬቱ እንደ ሳህን ጎድጉዷል። ቀለቡ በቂ ነበር፤ ፀጉሩም ያበራል። አንድም ጊዜ ቀና ብሎ አላየኝም። ጸሐፊው «ምን ጎደለበት?» ቢሉኝ የማሳያቸው ያንን የጎደጎደ መሬት ነው።

«ቢጠፉ ምን ጎደለብን?» ለሚለው አምስተኛ ነጥብ አንድ ታሪክ ይበቃል፤ በደንብ ከተነገረ። በሕንድ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ጥንብ አንሳ በሚሊዮኖች ይቆጠር ነበር። የሞተ ላም ሲጣል መንጋው ወርዶ አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ነጭ አጥንት ያስቀራል። ከዚያ በድንገት መሞት ጀመሩ። ቅርንጫፍ ላይ አንገታቸውን ደፍተው ለቀናት ይቆዩና ይወድቃሉ። ሲከፈቱ የውስጥ አካላቸው እንደ ኖራ በነጣ ነገር ተሸፍኖ ተገኘ፤ ኩላሊታቸው ሥራ አቁሞ ነበር። በሽታ ነው ተብሎ ዓመታት ከተፈለገ በኋላ በ2004 ምክንያቱ ታወቀ፤ ዳይክሎፌናክ። ለታመመ ከብት የሚሰጥ ርካሽ የሕመም ማስታገሻ ነው። መድኃኒቱን ወስዶ የሞተ ከብት ለጥንብ አንሳው መርዝ ሆነ። ነጭ ወገብ ጥንብ አንሳ የሚባለው ዝርያ ከመቶ ከ99 በላይ አለቀ። ሕንድ መድኃኒቱን ለከብት እንዳይሰጥ በ2006 ከለከለች፤ ወፉ ግን በዓመት አንድ እንቁላል የሚጥል ስለሆነ የጠፋው በቶሎ አይተካም።

ቀጥሎ የሆነውን ጸሐፊው ልብ ብለው ቢያዩት እወዳለሁ። ጥንቡ ሜዳ ላይ ቀረ። ውሻና አይጥ በዙ። ውኃው ተበከለ። የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋት ከፍ አለ። በ2024 የታተመ የሁለት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ጥናት ጥንብ አንሳ በብዛት በነበረባቸው አውራጃዎች የሰው ሞት ምን ያህል እንደጨመረ ወፉ ቀድሞም ካልነበረባቸው ጋር አነጻጽሮ አሰላ፤ ከ2000 እስከ 2005 ባሉት ዓመታት ግማሽ ሚሊዮን ያህል ተጨማሪ ሰው ሞቷል የሚል ውጤት ላይ ደረሰ። ስሌት እንደመሆኑ ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል። «ማንም የጎደለበት የለም» ለማለት ግን በፍጹም አይበቃም። ጥንብ አንሳ ማንም የማይወደው፣ ማንም የማያዝንለት ወፍ ነው። እንደዚያም ሆኖ ይህን ሁሉ ሥራ ያለ ደመወዝ ይሠራ ነበር፤ መሥራቱን ያወቅነው ከሄደ በኋላ ነው።

ጥቅምን የቆጠርሁት ጸሐፊው በጥቅም ስለተከራከሩ ነው። ለእኔ የባሕር ላሟ ባል ለሁለት ቀን ዳርቻው ላይ መመላለሱ ብቻውን በቂ ነው።

የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ጸሐፊው ከሁሉም ይልቅ እውነት የተናገሩትም እዚህ ነው። ዝሆን የሚያምረው ማሳው ላልሆነ ሰው ነው። የዓመት ልፋቱ በአንድ ሌሊት የተረገጠበት ገበሬ ቢማረር አይፈረድበትም። ለእንስሳት ጥበቃ ተብሎ ያለ ምክክር፣ ያለ በቂ ካሳ የተነሡ ሰዎች በብዙ አገር አሉ፤ ይህ በደል ነው፤ በጥበቃ ስም መሸፈንም የለበትም። እዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር ነኝ።

ከዚህ ተነሥተው ግን ሰውና አውሬ አብረው መኖር አይችሉም ይላሉ። ይችላሉ። በመንዝ የጓሳ ሜዳ ነዋሪው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ለክዳንና ለገመድ የሚሆነውን ሣር በወሰን ሲጠብቅ ኖሯል፤ ለተወሰኑ ዓመታት ተከልሎ ይቆያል፣ ሲደርስ በጋራ ይታጨዳል። ሥርዓቱ በ1975ቱ የመሬት አዋጅ ቢፈርስም ሕዝቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ መልሶታል፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳም ዛሬ ድረስ እዚያ አሉ። ሣሩን የጠበቀው ሰው ሣሩ የሚያስፈልገው ሰው ነው። ኔፓል ከፓርኮቿ ገቢ ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆነውን በዙሪያቸው ላለው ነዋሪ ልማት እንዲውል በሕግ ወሰነች፤ ነብር የሚመስለው፣ ግን ገላው ባለ መስመር የሆነው ታይገር በ2009 ከነበረበት 121 በ2022 ወደ 355 ከፍ አለ። በሰው ላይ የሚደርሰው አደጋም ከቁጥሩ ጋር መጨመሩን መናገር ተገቢ ነው፤ መንግሥቱም ሆነ ሕዝቡ አሁን የሚከራከሩበት ጉዳይ ይኸው ነው። በኬንያ ደግሞ ገበሬዎች በማሳቸው ዙሪያ በሽቦ የተያያዙ የንብ ቀፎዎች ይሰቅላሉ። ዝሆን ሽቦውን ሲነካው ቀፎዎቹ ይወዛወዛሉ፣ ንቡ ይወጣል። የዝሆን ቆዳ ወፍራም ቢሆንም ንብ ዓይኑ ሥርና ኩምቢው ውስጥ ትነድፈዋለች፤ ስለዚህ አብዛኛው ይመለሳል። ገበሬው እህሉን ያድናል፣ ማርም ይቆርጣል።

«ውጤት የለውም፣ ጊዜውም አልፏል» ለሚሉት ደግሞ ሳይጋን ላንሣ። ሳይጋ አፍንጫዋ እንደ አጭር ኩምቢ የተንጠለጠለ፣ በመካከለኛው እስያ ሜዳዎች በመንጋ የምትጓዝ ሚዳቋ መሰል እንስሳ ናት። በአደን ብዛት በ2005 ገደማ በዓለም የቀሩት 50,000 አይሞሉም ነበር። ጥበቃው ተጠናክሮ ማንሰራራት ሲጀምሩ በግንቦት 2015 በካዛኪስታን መቅሠፍት ወረደ። እናቶቹ ለመውለድ በተሰበሰቡበት፣ ያልተለመደ ሙቀትና እርጥበት ሲመጣ፣ ድሮም በውስጣቸው ያለ ጉዳት ይኖር የነበረ ባክቴሪያ ወደ ደማቸው ገባ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ከ200,000 በላይ ወደቁ። ግልገሎቹ የሞቱ እናቶቻቸውን ጡት እየፈለጉ አጠገባቸው ሞቱ። ያን ጊዜ ተስፋ የቆረጠ ሰው አልፈርድበትም።

ሰፊው ሜዳ ግን ነበረ። ጥብቅ ሥፍራዎች ተጨመሩ፣ ጠባቂዎች ተሰማሩ፣ የቀንዱ ንግድ ተከለከለ። ሳይጋ በአንድ ዓመቷ መውለድ ትጀምራለች፤ አብዛኛውን ጊዜም መንታ ትወልዳለች። በ2023 በካዛኪስታን ብቻ ቁጥራቸው ከ1.9 ሚሊዮን በላይ ደረሰ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ዝርዝር ወጡ። ግንቦት ሲመጣ እናቶቹ ለመውለድ የሚሰበሰቡት አሁንም በዚያው ሜዳ ላይ ነው።